የከሚሴ ዝናም ያስተማረኝ

ሰው በተወለደበት አገር የለመደውን የሰማይ ጠባይ፥ ዓለም ሁሉ እንደዚያው የሚኖርበት ይመስለዋል። እኔም በዚህ ስሕተት ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። የተወለድሁት በጎጃም ደጋ ነው። በዚያ አገር ክረምት ቀኑን ጠብቆ ይገባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንማል፤ ምድሪቱንም አጥግቦ ይወጣል። አባቴ ስለ ዝናም ሲጨነቅ ያየሁት፥ በዝቶ ጤፉን እንዳያጋድመው በመፍራት እንጂ አይመጣ ይሆን በማለት አልነበረም። ስለዚህ የአየር ጠባይ በእኔ ሐሳብ የተቈረጠ ሕግ ነበረ። ይህ ሕግ በአገር ሁሉ አንድ እንዳይደለ የተረዳሁት በከሚሴ ነው፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያ ዕዳ ሳይነገር እንዳይቀር ማሰቤ ነው።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ወር የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ወደ ከሚሴ ተመደብሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ከዚያም ዋሻውን ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረ መንገደኛ፥ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቍልፍ ይፈታል። ሰንበቴን፥ አጣዬንና ካራ ቆሬን ካለፍን በኋላ ከሚሴ ደረስን። ከተማይቱ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የምትገኘውም በ1,400 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ነው። በስተምዕራብ የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ቆሞአል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ ቀስ በቀስ እየዘቀጠ ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል። ከሚሴ እንግዲህ በግድግዳውና በበረሃው መካከል ያለች ደጃፍ ናት ማለት ይቻላል።

ሊቃውንት እንደሚሉት አንድ ሺህ ሜትር ወደ ታች በተወረደ ቍጥር የአየሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስላለች፥ ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ የሚወርድ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከአንድ የአየር ጠባይ ወጥቶ ወደ ሌላ ይገባል። የቦርከና ወንዝም የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የደሴን ተራሮች ዝናም ሰብስቦ በኮምቦልቻ ያልፋል፤ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፤ በመጨረሻም ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በበጋ ወራት ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ጨፋ ለምለም ሆኖ ስለሚቈይ፥ የአገሩ ኦሮሞና አርጎባ፥ ከቆላም የአፋር አርብቶ አደር ከብቱንና ግመሉን ይዞ ወደዚያ ይመጣል። የሰማዩ ጠባይ ሰውን እንዲህ ያገናኘዋል፤ ሣሩ ባነሰ ጊዜም ያጣላዋል።

በክፍሌ ውስጥ መጀመሪያ ካስተማርኋቸው ትምህርቶች አንዱ ስለ ወቅቶች ነበረ። እንደ ቀድሞው አቈጣጠር ዓመቱ በክረምት፥ በመጸው፥ በበጋና በጸደይ እንደሚከፈል፥ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ብለው በሦስት እንደሚከፍሉት በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፥ «መምህር፥ ሰኔ ክረምት አይደለም» አለኝ። ልጆቹ ሣቁ። እኔም እንደ መምህር ሥልጣኔን ለማስከበር ወደ መጽሐፉ ጠቈምሁ። ልጁ ግን መጽሐፉን ሳይሆን የቤቱን ነገር ነበር የተናገረው። በከሚሴ ሰኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቅና ዝናም የሚርቀው ወር ነው። የበልጉ ዝናም በግንቦት ያልቃል፤ ክረምቱ የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰኔ እንደ ደረቅ ድልድይ ይዘረጋል። አብዛኛው የዓመቱ ዝናም የሚወርደውም በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ያው ልጅ ከክፍል በኋላ የአያቶቹን አቈጣጠር ነገረኝ። በኦሮምኛ ክረምቱ ጋና፥ ከክረምት በኋላ ያለው ጊዜ ብራ፥ በጋው ቦና፥ ከክረምት በፊት የሚመጣው አርፋሳ ይባላል። ብራ የሚለውን ቃል በሰማሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ በእኛም ቋንቋ ሰማዩ ከዝናም በኋላ ሲጠራ ብራ ሆነ እንላለንና። ዝናምን ሮባ ይሉታል፤ ሮባ የሰው ስምም ነው። ልጁን በዝናም ስም የሚጠራ ሕዝብ ስለ ዝናም ያለውን ሐሳብ ያን ጊዜ ጠንቅቄ ብመረምር ኖሮ፥ በኋላ ካደረግሁት ስሕተት እድን ነበር።

የተከራየሁት ቤት በከተማይቱ ዳር ነበረ። ባለቤቱ ዕድሜአቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፥ ሁለት በሬና በጨፋ አቅጣጫ ጥቂት መሬት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ይጠሩኝና፥ ከእኔ ስለ ዓለም ነገር ይጠይቃሉ፤ እኔም ከእሳቸው ስለ አገሩ እጠይቃለሁ። ስልሳ ስድስትን እንደ ጐረምሳ፥ ሰባ ሰባትን እንደ አባወራ ያዩ ሰው ነበሩ። በወሎ ምድር እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ዓመተ ምሕረት ተብሎ አይጨመርባቸውም፤ ቍጥሩ ብቻ ሲጠራ የቤቱ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

የ2007 ዓ.ም. በልግ ዘገየ። የካቲት ደርቆ አለፈ። መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ሰማዩ በስተምሥራቅ ጠቈረና ሦስት ሌሊት በተከታታይ ዘነመ። በማግሥቱ ሽማግሌው ወደ እርሻቸው ሲሄዱ አብሬ ሄድሁ። በርከክ ብለው አፈሩን በእጃቸው ቈፈሩ፤ ርጥበቱ ከስንዝር እምብዛም አላለፈም። «አፈሩ ከላይ ጠጥቷል፤ ከታች ግን ገና ጠምቶታል» አሉ። ርጥበቱ እስከ ክርናቸው ካልደረሰ ረጅሙን ማሽላ መዝራት እንደማይወዱ አስቀድሞ ነግረውኛል። ይህ ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ በእርሻ ላይ የሚቈይ፥ አገዳው ለከብት፥ ለቤት ክዳንና ለማገዶ የሚሆን፥ ምርቱም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ነገር ግን መሬት ላይ ብዙ ወር ስለሚቆም፥ የበልጉ ዝናም ካልጀመረውና ክረምቱ ካልጨረሰው ፍሬ አይዝም።

በዚያን ዕለት ማታ፥ «መምህር፥ መጽሐፉ ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም መጽሐፌን ገለጥሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ የዝናሙ መጠን ከፍ እንደሚል የሚያሳየውን ሥዕል ከፋኖሱ አጠገብ አቅርቤ አሳየኋቸው። «እነሆ፥ ዝናሙ መጀመሩ ነው፤ ከዘገዩ ማሽላው ይዘገይብዎታል» አልኋቸው። ሥዕሉ የብዙ ዓመት አማካይ መሆኑን ዐውቅ ነበር፤ አማካይ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ግን በዚያች ሌሊት አላሰብሁም። ባለቤታቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሲያዳምጡን ቈይተው፥ «ደመና የወረቀት ትእዛዝ ይሰማል እንዴ?» አሉ። ሽማግሌው ዝም አሉ። በሚያዝያ መጀመሪያ ዘሩ።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ተዘጋ። ዘሩ በቅሎ፥ ቅጠሉ ጣት ያህል ካደገ በኋላ ነፋስ ብቻ የሚነፍስበት ቀን በቀን ላይ ተጨመረ። አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ ሦስት ሳምንት አለፈ። በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት እርሻውን እያየሁ አልፍ ነበር። ቅጠሉ መጀመሪያ በቀትር ተጠቅልሎ ማታ ይፈታ ነበረ፤ በኋላ ማታም አልፈታ አለ፤ በመጨረሻም ገለባ ሆነ። በሰፈሩ ሽማግሌዎች ለዱዓ ተሰበሰቡ፤ ክርስቲያኖቹም ምህላ ያዙ። በዚያ ወራት የሽማግሌውን ፊት ማየት ከበደኝ። የዘሩን ዋጋ እከፍላለሁ ብዬ ከደመወዜ ጥቂት ገንዘብ ይዤ በቀረብሁ ጊዜ፥ እጄን መለሱት። «አብሽር ልጄ፤ የዘራሁት እኔ ነኝ። እጄ አትዝራ ብሎኝ ነበር፤ ከእጄ ይልቅ ወረቀትህን ሰማሁ» አሉኝ። ወቀሳ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እናቲቱ ግን ከዘሩ ጥቂቱን በቅል ከትተው ደብቀው ኖሮአል። በግንቦት ጥቂት ሲዘንም ያንኑ አወጡና በእርሻው እኩሌታ ላይ ተዘራ። ሰኔ ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳን የጀመረው ሰኔ 11 ቀን ነበረ። ከዓመቱ ሁሉ በሚሞቀው ወር፥ ሰማዩ እንደ ምጣድ በጋለበት፥ ሰዎቹ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። የእስልምናው ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር ከፀሐዩ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ጾሙ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የጀመረው በየካቲት 22 ነበረ፤ ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር በአሥር ዓመት ውስጥ 109 ቀን ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። የከሚሴ ገበሬ እንግዲህ በጨረቃ እየጸለየ በፀሐይ የሚያርስ ሰው ነው። ሁለት አቈጣጠር በአንድ ልብ ይዞ አንዱን ከሌላው ጋር አያምታታም።

ሐምሌ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ሰማይ ተመለከትን፤ ዝናሙ ግን ዘግይቶ፥ ሳስቶና እየተቈራረጠ መጣ። ያን ጊዜ ምክንያቱን በራዲዮ ሰማሁ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውሃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ፥ የዓለሙ የነፋስ አካሄድ ይለወጣል፤ በእኛም አገር የክረምቱን ዝናም ያዳክመዋል። ይህን ነገር ኤል ኒኞ ይሉታል፤ ትርጓሜው በእስፓንኛ ሕፃኑ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ የውሃው መሞቅ በልደት በዓል ሰሞን ይታያቸው ስለ ነበር ነው። በሩቅ ባሕር የሞቀ ውሃ በከሚሴ የአንድን ሽማግሌ ማሽላ ያደርቃል ብሎ ማን ይገምታል? በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቍጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጠ። በቅሉ የተረፈው ዘር አገዳ ሆነ እንጂ ራስ አልያዘም። የእህል ዋጋ ወጣ፤ ሁሉም ከብቱን ለመሸጥ ስለ ቸኰለ የከብት ዋጋ ወረደ። ሽማግሌው ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጡ። በሚቀጥለው ዓመት ያረሱት አንድ በሬ ካለው ጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነው። የመቀናጆ እርሻ ወረፋ አለው፤ ዝናም ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ዝናም ከማስተማሬ በፊት መለካት እንዳለብኝ አሰብሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ግድግዳው ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ አገኘንና ከዛፍና ከቤት ርቆ በተተከለ እንጨት ላይ አሰርነው። የዝናም ልክ ነገሩ ቀላል ነው። በጣሳው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠራቀም፥ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። በየማለዳው በሦስት ሰዓት አንድ ልጅ በማስመሪያ ይለካል፤ በደብተርም ይጻፋል። ልጆቹ በመጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ሌሊት ሲዘንም ንጋቱን በጕጕት መጠበቅ ጀመሩ።

ደብተሩ ያስተማረኝ ይህ ነው። አንድ መቶ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ወር ውስጥ በአሥራ ሁለት ቀን ተከፋፍሎ ቢወርድ ማሽላውን ያሳድጋል። ያው መቶ ሚሊ ሜትር በሦስት ቀን ቢወርድ ግን አፈሩን ጠርጎ ወደ ቦርከና ያወርዳል፤ የቀሩትንም ሃያ ሰባት ቀናት ለፀሐይ ይተዋል። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ሲደመሩ ቍጥራቸው አንድ ነው፤ አማካዩም አንድ ነው። አንዱ ጎተራ ይሞላል፤ ሌላው በሬ ያሸጣል። ለሽማግሌው ያሳየኋቸው ሥዕል ሐሰት አልነበረም፤ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበረ። እሳቸው የጠየቁት፥ «ነገና ከነገ ወዲያ ይዘንማል ወይ?» ብለው ነው፤ እኔ የመለስሁት፥ «በብዙ ዓመታት ይዘንም ነበር» ብዬ ነው።

ከሰማይ የሚመጣው መከራም ድርቅ ብቻ እንዳይደለ በቈይታዬ አይቻለሁ። ማሽላው እሸት ሲሆን ግሪሳ ወፍ በመንጋ ይወርድበታል፤ ልጆች ከማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ሲያጮኹ ይውላሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የበረሃ አምበጣ በዞኑ ወረደ፤ ጥቅምት ማሽላው የሚደርስበት ወር ነው። ይህም የዝናም ልጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መኩኑ፥ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ሉባን የተባሉ ዐውሎ ነፋሶች በዐረብ ምድር ደረቅ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናም አወረዱ፤ አምበጣው በዚያ ርጥብ አሸዋ ተራብቶ ባሕር ተሻገረ። በከሚሴ ዝናም ሲቀር ይጐዳል፤ በሌላ አገር ያለ ወቅቱ ሲወርድም ይጐዳል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከከሚሴ ተዛወርሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማይቱ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበር ስለ ሽማግሌው ምንም ሳልሰማ ሰነበትሁ። መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ስለ ጤንነታቸው ነበረ። «አልሐምዱሊላህ፥ አለን» አሉና ወዲያው ስለ ማሽላው ያወሩኝ ጀመር። የደጃፋቸው ሰላም መመለሱን ያወቅሁት ከዚህ ነው።

እንግዲህ እንደ እኔ ከሩቅ አገር መጥተው በማያውቁት ሰማይ ሥር ለሚያስተምሩ መምህራንና በቢሮ ሆነው ስለ ዘርና ስለ ወቅት መመሪያ ለሚጽፉ ሹማምንት አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። የሜትሮሎጂ ዕውቀት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ኤል ኒኞን ከወራት በፊት የሚያይ ዐይን ሌላ የለንም። ገበሬው ይህን በጊዜው ቢሰማ፥ ረጅሙን ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ፥ ጤፍ ወይም ማሾ እንዲያዘጋጅ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ለአገር የተነገረው ለወረዳ፥ ለወረዳ የተነገረው ለአንድ እርሻ እንዳለ አይሆንም። የመጨረሻው ስንዝር የሚለካው በገበሬው እጅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከመናገሩ በፊት እጁን ቢጠይቅ፥ እጁም ከመዝራቱ በፊት መጽሐፉን ቢሰማ መልካም ነው። እኔ የበደልሁት መጽሐፍ በመያዜ ሳይሆን፥ የያዝሁትን መጽሐፍ ከተቈፈረው አፈር ጋር ሳላስተያይ በመናገሬ ነው።

አሁንም በየዓመቱ መጋቢት ሲጋመስ ወደ ከሚሴ እደውላለሁ። ሽማግሌው ሁለተኛ በሬአቸውን ከገዙ ቈይተዋል። በፊት እሳቸው ነበሩ፥ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁኝ። ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። «አባባ፥ ርጥበቱ ከየት ደረሰ?» እላቸዋለሁ። እሳቸውም፥ «ገና ከስንዝር አላለፈም፤ እንጠብቃለን» ካሉኝ፥ እኔም በሌላ አገር ተቀምጬ አብሬአቸው እጠብቃለሁ።